አራት ቀዳዳ ለአንድ ቴሌቪዥን

ጉዞው አምስት ቀን ነበር። ቀዳዳዎቹ ግን ከመነሳታችን በፊት አንድ ሙሉ ሳምንት ፈጅተውብኛል።

ከባለፈው ዓመት ልጀምር። ተሳቢ ቤታችንን ከመኪናው ኋላ አስረን ሐይቅ ዳር ሄድን። ማታ ማታ ግን አራታችንም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቲቪ እናያለን። ውጭ ጨረቃው ሐይቁ ላይ ወጥቷል። "ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ሳሎን ልንቀመጥ ነው?" አለች ባለቤቴ። እውነቷን ነው። በማግስቱ ከአንድ ሱቅ የሚዘረጋ ክንድ ያለው የቲቪ መስቀያ ብራኬት ገዛሁና የውጭው ግድግዳ ላይ በአራት ቪቴ አሰርኩት።

ግድግዳ መስሎኝ ነበር።

የተሳቢ ቤት ግድግዳ እኮ ከውጭ ስስ አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ ነው። መሃሉ ፎም፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ስስ ጣውላ። አጥንቱ እዚህና እዚያ የቆሙ ሞራሌዎች ናቸው፤ በአንዳንዱ የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ቪቴው አጥንት ካላገኘ የያዘው ቆርቆሮ ብቻ ነው ማለት ነው። የኔዎቹ ሁለት ቀን ታገሱ። በሦስተኛው ቀን ክንዱን ሳብ ሳደርገው የላይኞቹ ሁለቱ እንደ ልጅ ጥርስ ወለቁ። ቲቪውን በደረቴ ደግፌ ያዝኩትና "ኑ! ኑ!" እያልኩ መጮህ ጀመርኩ።

እሱስ ያስቃል። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን አያስቅም። ቀዳዳዎቹን ሲሊኮን ቀባሁባቸውና ረሳኋቸው። ከስንት ዝናብ በኋላ ውስጥ ያለውን ቁም ሣጥን ስከፍት አንድ ሽታ ተቀበለኝ። ጣውላው ጠቁሯል። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ረጠበ ካርቶን ሰመጠ። ውሃው የገባው ከትንሿ ጣቴ በቀጠነ ቀዳዳ ነው።

ለዚህ ነው ዘንድሮ መሰርሰሪያውን ከማንሳቴ በፊት ሳምንት የፈጀሁት። መጀመሪያ ማግኔት በክር አንጠልጥዬ ግድግዳውን ዳበስኩት። ከሥሩ የብረት ቪቴ ሲያገኝ ጠቅ ይላል። ጠቅ ያለበትን ሁሉ በእርሳስ ምልክት ሳደርግ አጥንቱ የት የት እንደቆመ ታየኝ። ችግሩ፣ አንዱም እኔ በፈለግኩት ቦታ የለም። አንደኛው በሩ ሥር፣ ሌላው መስኮቱ ጥግ። በሩ ሲከፈት ቲቪውን በጥፊ ሊመታው ነው።

ስለዚህ አጥንት ፍለጋውን ተውኩና አጥንት ሠራሁለት። የተበላሸውን ጣውላ ቆርጬ በአዲስ ተካሁ። በቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ወፍራም ጣውላ ለጠፍኩ፤ ስፋቱ የትልቅ መጽሐፍ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ብሎኖቹ ከውጭ ገብተው፣ ግድግዳውን ዘልቀው፣ ከዚህ ጣውላ ኋላ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይታሰራሉ። ከመሰርሰሬ በፊት ግን እዚያ ግድግዳ ውስጥ ሽቦ እንደማያልፍ አረጋግጫለሁ። የመብራቱን ሽቦ መብሳት ቲቪ ከመስቀል በጣም ይቀላል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለ5 ኪሎ ተኩል ቲቪ? እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ክብደቱ ግን ኪሎው ብቻ አይደለም፤ ክንዱ ነው። የኔ ክንድ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ 50 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። በላይኞቹና በታችኞቹ ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። በግምት ሲሰላ የላይኞቹ ሁለቱ የሚሳቡት ከ27 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ነው፤ የክንዱን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር። የባለፈው ዓመት ቪቴዎች ሁለት ቀን መቆየታቸው ራሱ ይገርማል።

ቀዳዳው ላይ ሲሊኮን አልደገምኩም። ሲሊኮን አንዴ ከተቀባ በኋላ ሌላ ነገር ላዩ ላይ አይጣበቅም፤ አሮጌውን ፍቆ ለማንሳት ብቻ ግማሽ ቀን ሄዷል። በሱ ፋንታ ቡታይል የሚባለውን ለስላሳ፣ እንደ ማስቲካ የሚሳብ የጥቅል ማሸጊያ ከብራኬቱ ብረት ኋላ አነጠፍኩ። ብሎኑን ስታጠብቀው ቀስ ብሎ በጠርዙ ይወጣል። ትተወዋለህ፣ ትመለሳለህ፣ ትንሽ ታጠብቃለህ፣ አሁንም ይወጣል። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ባለቤቴ በመስኮት እያየች "ቲቪ ነው ወይስ ሕፃን የምታስተኛው?" አለችኝ።

ግድግዳው ላይ የሚቀረው ብረቱ ብቻ ነው። ክንዱና ቲቪው ከላይ ሸርተት ብለው ገብተው በፒን ይቆለፋሉ፣ ጉዞ ሲሆን ይወጣሉ። ቲቪውን እንደተሰቀለ ይዞ መንዳት እብደት ነው። ንዝረቱ አለ፣ ነፋሱ አለ። በዚያ ላይ በብዙ አገር ለመንገድ የሚፈቀደው ስፋት ከ2.5 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ተሳቢ ቤቱ ራሱ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። እኛ ቲቪውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አልጋ ላይ አስተኛነው። ሕፃን ያለችው እንግዲህ ልክ መጣ።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ አሥር ሰዓት ገደማ ሆኖ ነበር። ሸራውን ዘረጋን፣ ወንበሮቹን ደረደርን፣ እኔ ቲቪውን ሰቀልኩ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ሥራዬን ሳደንቅ ትንሿ ልጄ ጮኸች። "አባዬ፣ ቲቪው እየሄደ ነው!" እውነትም እየሄደ ነው። ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ተሽከርክሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። መልሼ ሳብኩት። እንደገና ሄደ። ውሃ ልክ ሳስቀምጥ ተሳቢ ቤቱ ወደ ፊት አዘንብሏል። በመጎተቻው በኩል ያለውን ክሪክ ጥቂት ከፍ ሳደርገው ክንዱ ባለበት ቆመ። ወደ ጎን ቢሆን ኖሮ ጎማው ሥር ታኮ ይፈልግ ነበር። ጥግ ላይ ያሉት እግሮች እንዳይወዛወዝ ለማርጋት እንጂ ለማንሳት አይደሉም።

ከዚያ አበራሁት። ያየነው ራሳችንን ነው። አራት ሰው፣ ከኋላቸው ሐይቅና ፀሐይ፣ በጥቁር መስታወት ላይ። ለቤት ውስጥ የተሠራ ቲቪ ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ኒትስ ነው፤ ለፀሐይ ተብለው የሚሠሩት ግን 1,000ና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ፣ ዋጋቸውም አይቀመስም። እኔ በነጋታው መኪናውን አስነስቼ ተሳቢ ቤቱን አዞርኩት። በሩና ሸራው ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ ከሰዓት በኋላ ያ ጎን በሙሉ በቤቱ ጥላ ሥር ይውላል። ነገሩ በነጻ ተፈታ።

የዚያን ቀን ማታ የእግር ኳስ ፍጻሜ ነበር። ሃሳቤ ሁሉ ባትሪው ላይ ነው። ቲቪያችን በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ነው፤ 36 ዋት፣ ማለትም ሦስት አምፔር ይወስዳል። ለሦስት ሰዓት ዘጠኝ አምፔር ሰዓት። ከ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ ይህ ምንም አይደለም፣ የሊድ አሲድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለብን ቢባል እንኳ። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይረው ኢንቨርተር ቢሆን ተጨማሪ ይባክን ነበር።

ጨዋታው ተሟሙቆ፣ እኛም ተሟሙቀን ሳለ ከጎረቤት ተሳቢ ቤት አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ተነስቼ ወንበር ላቀርብላቸው ስል እጃቸውን አወዛወዙ።

"ልጄ፣ እኔ እዚህ የምመጣው እንቁራሪት ለመስማት ነው።"

አፈርኩ። ሰው የቲቪውን መጠን ይለካል፣ ግድግዳውን ይለካል፤ ድምፁ የት ድረስ እንደሚሄድ ማን ይለካል? ድምፁን ዘግተን ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር እግራችን ሥር አደረግን። ብሉቱዝ ድምፁን ትንሽ ያዘገየዋል። የተጫዋቹ እግር ኳሱን ከነካ በኋላ ነው ተንታኙ የሚጮኸው፤ ጎል ሁለቴ የገባ ይመስላል። ለመድነው። በነጋታው ጠዋት ሽማግሌው ጥርሳቸውን እየፋቁ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። "ለመሆኑ ማን አሸነፈ?"

"ጋሼ፣ እንቁራሪቶቹ" አልኳቸው። ሳቁ።

በአራተኛው ቀን ማታ ነፋስ ተነሳ። የ32 ኢንች ቲቪ ፊት ለፊት ሲታይ ትንሽ የጀልባ ሸራ ማለት ነው። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ከ4 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይገፋዋል። ክንዱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፒኑን ነቅዬ አወረድኩት። ጀርባው በእጄ ላይ ረጠበብኝ። ጤዛ ነው፣ ማንም ልብ አላለውም። ከቀዝቃዛው ወደ ሞቀው ክፍል ሲገባ ደግሞ ይብስበታልና ልጆቹ ቢለምኑኝም እስኪደርቅ አላበራሁትም። አኮረፉ። ይኩረፉ።

ልንመለስ የተነሳነው በዝናብ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ነበር። ሁሉም መኪና ውስጥ ገብቶ እየጠበቀኝ እኔ ባትሪ መብራት ይዤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ በጭንቅላቴ ገባሁ። የመጀመሪያውን ዳዶ ዳበስኩ፤ ደረቅ። ሁለተኛው ደረቅ። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ጣቴ እርጥብ ሆነ፣ ልቤ ስንጥቅ አለ። መብራቱን አስጠጋሁ። የሚንጠባጠበው ከእጅጌዬ ነው። በሶፍት ጠርጌ እንደገና ዳበስኩት። መኪናው ጥሩምባውን ነፋ።