የተቀናቃኝ አደራ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1912 እንግሊዛዊው ካፒቴን ስኮትና አራት ጓደኞቹ ደቡብ ዋልታ አጠገብ አንዲት ትንሽ ድንኳን አገኙ። ኖርዌጂያዊው አሙንድሰን በ34 ቀን ቀድሟቸዋል። ውስጧ ለንጉሥ ሆኮን 7ኛ የተጻፈ ደብዳቤ አለ፤ ስኮት እንዲያደርስለትም ማስታወሻ ትቶለታል። ስኮት አደራውን ተቀበለ። ተሸንፎ፣ የቀዳሚውን ማስረጃ ተሸክሞ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊመለስ!

በመልሱ ጉዞ በየጣቢያው ያስቀመጡት የላምባ ቆርቆሮ ጎድሎ ጠበቃቸው። በክዳኑ ሥር ያለችው የቆዳ ማሸጊያ በብርዱ ስለተበላሸች ላምባው ሾልኮ ወጥቷል። እዚያ ላምባ ማለት ሙቀት ብቻ አይደለም፤ በረዶ ካልቀለጠ የሚጠጣም የለም።

የመጨረሻ ደብዳቤዎቹን በእርሳስ ጻፈ፤ በዚያ ብርድ ቀለም ይረጋል። ለጉዞ ጓደኛው ለዊልሰን ሚስት፣ ለሌላው ጓደኛው ለባወርስ እናት ጻፈ። የሚስቱን ግን «ለመበለቴ» አለው። ይህቺ ቃል ከልቤ አትወጣም። ከቻልሽ ልጃችን የተፈጥሮ ጥናት እንዲወድ አድርጊው ይላታል። ያ ልጅ ፒተር አድጎ በ1961 የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

ፈላጊዎች ኖቬምበር 12 ስኮት የሞተበትን ድንኳን አገኙት፤ እስከ ትልቁ የስንቅ ጣቢያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶት ነበር። የንጉሡም ደብዳቤ እዚያው ነበረ።