ዝሆኑ የታለ?

ማድሪድ ውስጥ አስጎብኚ ሆኜ መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የገጠመኝ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ሁለት የሐበሻ ቤተሰቦች መጡ። ልጆቹና አንዲት አያት ተጨምረው ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ቶሌዶንና ሴጎቪያን አይተው ሲጨርሱ «ግርግር የሌለበት ገጠር ውሰደን» አሉኝ። እኔም በርላንጋ ዴ ዱዌሮን መረጥኩላቸው። ሶሪያ በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለች፣ ሕዝቧ 1000 የማይሞላ ከተማ ናት። ከማድሪድ በመኪና ሁለት ሰዓት አለፍ ይላል።

በርላንጋን እወዳታለሁ። ከሩቅ ጀምሮ ኮረብታው ላይ ያለው ግንብ ይታያችኋል። ከታች ደግሞ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1526 ተጀምሮ በ4 ዓመት ገደማ ያለቀ ነው። ለዚያ ዘመን ይህ በጣም ፈጣን ሥራ ነው። ውስጡ ሲገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አዞ አለ፤ እውነተኛ፣ የደረቀ አዞ። የከተማው ሰው «ላጋርቶ»፣ እንሽላሊት ነው የሚለው። ያመጡት የዚህችው ከተማ ልጅ የሆኑት መነኩሴ ቶማስ ዴ በርላንጋ ናቸው። የፓናማ ጳጳስ ሆነው ወደ ፔሩ በመርከብ ሲሄዱ ነፋሱ ጠፋ፣ ባሕሩ መርከቧን ወስዶ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1535 ማንም የማያውቃቸው ደሴቶች ላይ ጣላቸው። ዛሬ ጋላፓጎስ የምንላቸው ማለት ነው። ለንጉሡ በጻፉት ደብዳቤ ስለ ግዙፎቹ ኤሊዎችና ሰው ሲቀርባቸው ስለማይሸሹት ወፎች ተርከዋል። ከዚህች ትንሽ ከተማ የወጣ ሰው እዚያ ድረስ መድረሱ እስከ አሁን ይገርመኛል። ልጆቹ ከአዞው ሥር አልነቀል ብለው ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጥሩ ነበር። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከከተማዋ ስምንት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ካሲያስ የምትባል መንደር አጠገብ ሳን ባውዴሊዮ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። 11ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራ ነው። ከውጭ ስታዩት መስኮት አልባ የድንጋይ ሳጥን ይመስላል። እኔ ሌሊቱን ስዘጋጅ ያደርኩት ከመጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ የግድግዳው ሥዕሎች በቀለም ታትመዋል፤ ዝሆን ጀርባው ላይ ግንብ ተሸክሞ፣ ግመል፣ ድብ፣ ጥንቸል የሚያሳድድ ፈረሰኛ። እኔ ቦታው ድረስ ሄጄ አላውቅም ነበር። መኪና ውስጥ ማይኩን ይዤ «አሁን የምትገቡበት ቤት ግድግዳው በሙሉ አራዊት ነው» አልኳቸው። ልጆቹ ጮኹ።

ገባን። መሐል ላይ አንድ ወፍራም ዓምድ ቆሟል፤ አናቱ ላይ እንደ ዘንባባ ስምንት ቅርንጫፍ ዘርግቶ ጣሪያውን ይሸከማል። በጣም ያምራል። ግድግዳው ግን ገርጥቷል። እዚህ ቡኒ ጥላ፣ እዚያ ደብዛዛ መስመር፣ ሌላ የለም።

እማማ ዙሪያውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ዝሆኑ የታለ?»

የማወራው ጠፋኝ። መጽሐፉ ላይ ስለ ሽያጩ አንድ አንቀጽ እንዳለ ትዝ አለኝ፤ ገረፍ አድርጌ ነበር ያለፍኩት። «የመንደሩ ሰዎች ለገንዘብ ብለው ለአሜሪካ ሸጡት» አልኩ። አንዱ አባት «እንደ መቅደላው በለኛ!» አለ። እኔም «አዎ፣ እንደዚያው ነው» ብዬ አለፍኩ።

በር ላይ የተቀመጡት አዛውንት ጠባቂ የሰዉ ፊት ሲቀየር አይተዋል። «ምን አልካቸው?» አሉኝ በስፓኒሽ። የተናገርኩትን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ተነሡና ባትሪያቸውን ይዘው ወደ መሐል ገቡ። «በል አሁን እኔ የምለውን አንድ ሳታስቀር ተርጉም» አሉ።

እሳቸው ያሉት ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1917 ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ታውጇል፣ ባለቤቶቹ ግን የካሲያስ ነዋሪዎች ነበሩ። በ1922 አንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ መጥቶ ሥዕሎቹን በ65,000 ፔሴታ ገዛቸው። መንግሥት አስቆመ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1925 ለባለቤቶቹ ፈረደ። በ1926 ሥዕሎቹን ገፈፏቸው፤ ጨርቅ በሙጫ እየለጠፉ የቀለሙን የላይኛውን ቆዳ ይዘው ላጡት። አሁን ኒው ዮርክ፣ ቦስተን፣ ሲንሲናቲና ኢንዲያናፖሊስ ተበትነዋል። በ1957 ስድስቱ ወደ ማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየም መጡ፣ በነፃ ግን አይደለም። በልዋጩ ፉዌንቲዱዌኛ ከምትባል ሌላ ትንሽ መንደር የአንድ ፈራሽ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ከ3000 በላይ ድንጋዩ አንድ በአንድ ተፈታና ኒው ዮርክ ሄዶ ተተከለ።

«ሻጩን ስትጠራ ገዢውንም ጥራ» አሉኝ። «የፈረደውንም ጥራ። የመንደሩን ሰው ብቻውን አታቁመው።»

ከዚያ ባትሪውን ግድግዳው ላይ አጋደም አድርገው አበሩ። ጥላው ቅርጽ ያዘ። ሲገፍፉት ሥር የቀረው ቀለም ነው። እማማ ቀረብ ብለው ጣታቸውን ሳያስነኩ መስመሩን በአየር ላይ ተከተሉት፣ ኩንቢው ጋ ሲደርሱ «ይኸው!» አሉ። ልጆቹ ተንጫጩ። ቤቱ ውስጥ ያለውን ዝሆን ያሳዩዋቸው ጠባቂው ናቸው።

የመቅደላውንም ነገር እዚያው አስተካከልኩ። መቅደላ በ1868 ወታደር ገብቶ የዘረፈው ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ውልም የፍርድ ቤት ውሳኔም አለው። ሁለቱን አንድ ማድረጌ ለሁለቱም ታሪክ ስህተት ነበር። እማማ ሰምተው ዝም አሉና «ደረሰኝ ያለውም ያንገበግባል» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ማታ ሆቴል ስንደርስ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቦታውን ሳላየው እንዳየ ሰው ማውራቴን ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ቀይሬያለሁ። አንደኛ፣ እኔ ራሴ ቀድሜ ያልረገጥኩት ቦታ ሰው አልወስድም፤ የቤንዚኑን ከኪሴ ብከፍልም እሄዳለሁ። ሁለተኛ፣ የጉዞውን ተራ ለወጥኩ። ዋዜማውን ፕራዶ እወስዳቸዋለሁ፣ ዝሆኑን እዚያ ፊት ለፊት ያዩታል። በማግስቱ የተገፈፈበት ግድግዳ ፊት እናቆማቸዋለን። እመኑኝ፣ ያኔ ሰው ሌላ ዓይን ነው የሚኖረው። መናገርም ብዙ አያስፈልገኝም። ባትሪ ግን ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አሁን ተርጓሚ ብቻ የምሆንበትም ጊዜ አለ፤ ጠባቂው ካሉ ንግግሩን ለእሳቸው እተዋለሁ።

ባለፈው ወር እማማ ደወሉልኝ። ኒው ዮርክ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ክሎይስተርስ ሙዚየም ገብተዋል። ግመሉን አግኝተውታል። ፎቶውን ላኩልኝ፤ ልጁ ከሥሩ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል።

ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት «እኒያ ሽማግሌ ደህና ናቸው?» አሉኝ።

«ደህና ናቸው እማማ።»

«እንግዲያ ግመሉን አሳይልኝ። በአካል አይተውት አያውቁም ይሆናል።»

ቅዳሜ ቡድን አለኝ። ፎቶውን ትልቅ አድርጌ አሳትሜዋለሁ።