ለትንሿ አኳሪየሜ የሚበቃ ብርሃን

ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው መብራት ነው። 30 ሊትር የምትይዘው አኳሪየሜ አሸዋዋ ተዘርግቷል፣ ድንጋዮቿም ቦታቸውን ይዘዋል። የቀረው ከላይ የሚበራላት ነው። ዓሣ ብቻ የሚኖርባት ቢሆን ይህን ያህል አላስብም ነበር። ዓሣ ቀንና ሌሊቱ ከተለየለት ደህና ነው። ተክል ግን የሚኖረው በብርሃን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የመረጥኩት ተክሉን ነው፤ መብራቱ እሱን ተከትሎ ይመጣል። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ክሪፕቶኮራይን እተክላለሁ። አኑቢያስን በጣም ነው የምወደው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች፣ በጅረት ዳር፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ተክል ነው። ቅጠሉ ጠንካራ ነው፤ እድገቱ ደግሞ ዝግ ያለ። ኃይለኛ ብርሃን ሲበዛበት አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ልባጭ፣ ቅጠሉ ላይ ይሰፍርበታል። ጥላ የለመደን ተክል ጠራራ ላይ ማቆም ምን ይሉታል?

ብዙ ሰው መብራት ሲገዛ ዋቱን ያያል። ዋት የሚነግረን መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው። በፍሎረሰንት ጊዜ ለግምት ይረዳ ነበር። ኤልኢዲ ከመጣ ወዲህ ግን ዋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት መብራቶች በጣም የተለያየ ብርሃን ሊሰጡ ይችላሉ። እኔ የማየው ሉመኑን፣ ማለትም መብራቱ የሚሰጠውን የብርሃን መጠን ነው። ብዙ ብርሃን ለማይፈልጉ ተክሎች በሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን ይበቃል። ለእኔዋ ከ300 እስከ 600 መሆኑ ነው። ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ለመነሻ ግን ጥሩ ነው።

ከዚያ ቀለሙ አለ፤ የሚለካው በኬልቪን ነው። 6500 ኬልቪን የቀን ብርሃን ይመስላል፤ ዝቅ ሲል ወደ ቢጫ፣ ከፍ ሲል ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ተክሎች የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር በሆነ ብርሃን ይጠቀማሉ፤ ይበልጥ የሚስቡት ቀዩንና ሰማያዊውን ነው። ሐምራዊ የሚያበሩት የችግኝ መብራቶች የተሠሩት ለዚህ ነው። ተክሉን ያሳድጋሉ፣ እይታው ግን ዓይን ይረብሻል። ማታ ማታ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ላያት ነውና ነጩን መርጫለሁ።

ከሁሉም በላይ የማስበው ግን ስለ መጠኑ ነው። ብርሃን ሲጨምር ተክሉ ቶሎ ለማደግ ይነሳል፤ ያኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያም በዚያው ልክ ይፈልጋል። ካላገኘ እድገቱ ይቆማል፣ የተረፈውን ብርሃን አልጌ ይወስደዋል። ድስት ውስጥ ውሃ ሳይጨምሩ እሳቱን ማብዛት ማለት ነው። ትንሽ አኳሪየም ላይ ደግሞ ይብሳል። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ብርሃኑ ሳይደክም እታች ይደርሳል። እኔ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ አልጨምርም። ስለዚህ ብርሃኑን መቀነሻ ያለው መብራት ያስፈልገኛል፤ ይህ ከሌለው ብራንዱ ምንም ቢሆን አልገዛም። ቀይ ቅጠል ያላቸውን ተክሎችም ለጊዜው ትቻቸዋለሁ። የአብዛኞቹ ቅላት የሚወጣው በኃይለኛ ብርሃን ነው።

ሰዓቱን ታይመር ይይዝልኛል። በቀን ለ6 ሰዓት ያህል በማብራት እጀምራለሁ፤ ተክሎቹ ሥር ሲይዙ ወደ 8 ሰዓት ከፍ አደርገዋለሁ። የመስኮት ፀሐይ ግን በፍጹም። ልቀንሰው ብል አልችልም፣ ውሃውንም ያሞቀዋል። የመብራቱ ገመድም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አደርጋለሁ። ውሃ በገመዱ ቢወርድ እታች ይንጠባጠባል፣ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

መብራቱን በግማሽ ኃይሉ አብርቼ የማየው አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ነው። ክሪፕቶኮራይን መጀመሪያ ላይ ቅጠሉን ሊያረግፍ ይችላል፤ ቦታ ሲቀየርበት እንዲህ ያደርጋል፣ በዚያ ምክንያት መብራቱን አልነካም። አዲሶቹ ቅጠሎች እየቀጨጩና እየገረጡ ከወጡ ትንሽ እጨምራለሁ። መስታወቱን አረንጓዴ ነገር ቶሎ ቶሎ ከሸፈነው እቀንሳለሁ።