ሁለቱን ቢጫ ሸማኔ ወፎች እንዴት ለየኋቸው

ድሬዳዋ ላይ ቢጫ ወፍ ፍለጋ መልፋት የለም። ግራር ካለ እሱም አለ፣ ያውም እየተንጫጫ። ጣጣው የትኛው እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው። እኔን ያደከሙኝ ሁለት ጎጆ የሚሸምኑ ወፎች ናቸው፦ የሩፔል ሸማኔ ወፍና ትንሹ ጭምብላም ሸማኔ ወፍ። ሁለቱንም ለሳይንስ ያስተዋወቃቸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ አንዱን በ1840፣ ሌላውን በ1845 እ.ኤ.አ.።

የሩፔሉ ወንድ በመራቢያው ወቅት ምንቃሩ ዙሪያ ቀይ ቡናማ ጭምብል ያወጣል፤ አናቱ ቢጫ ነው። የትንሹ ጭምብል ግን ጥቁር ነው፤ ወደ አናቱም ይወጣል፣ ጉሮሮው ላይ ሾል ብሎ ያልቃል። ቀላል ይመስላል አይደል? ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆማችሁ ፀሐይዋ ከወፉ ጀርባ ስትሆን ግን ቡናማውም ጥቁር ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ ፊቱን ትቼ ዓይኑን ማየት ስጀምር ነው ነገሩ የቀለለኝ። የትንሹ ዓይን ነጣ ያለ ነው፣ በጥቁሩ ፊት ላይ ቦግ ይላል፤ የሩፔሉ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ነው። ዓይኑ እንቢ ካለ እግሩ አለ፤ የትንሹ ግራጫ ሰማያዊ፣ የሩፔሉ ሥጋ መሳይ። ጥቁር ፊት ከቀይ ዓይን ጋር ካያችሁ ከሁለቱም አይደለም፣ ሌላ ዘመድ መጥቷል ማለት ነው።

በማለዳ ውጡ፣ ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉ። ስልካችሁን ባይኖኩላሩ (የሩቅ ማያ መነጽሩ) ላይ ደግፋችሁ ፎቶ አንሱና ቤት ገብታችሁ አሳድጋችሁ እዩት። ደግሞ ሰው ግቢ አጠገብ ባይኖኩላር ከማውጣታችሁ በፊት ሰላም በሉ! እኔን አንድ ባጃጅ ነጂ «አቦ፣ ምን እየሰለልክ ነው?» ብሎኛል። ሻይ የሚሸጡ እናት ናቸው የመለሱለት፦ «ወፍ ነው የሚያየው፣ ተወው። ልጄ፣ ያ ጎጆ እኮ ሚስት አልወደደችውም፣ ነገ ያፈርሰዋል።» እውነታቸውን ነው። የሚሸምነው ወንዱ ነው፣ መራጯ ሴቷ፤ ካልተመረጠ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል።

ሴቶቹን ግን አልነካካም። ፈዘዝ ያሉ ናቸው፣ ወንዶቹም ወቅቱ ሲያልፍ እነሱን ይመስላሉ። ያኔ ደብተሬ ላይ «ሸማኔ ወፍ» ብዬ ጽፌ አልፋለሁ።