ከመጠን በላይ ንጹሕ ውሃ

ሚያዝያ ቨርጂኒያ ላይ ለአፍንጫ ክፉ ወር ነው። የዛፉ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ ያለብሰዋል። ዓይን ይበላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። እኔ ደግሞ የአለርጂ ክኒን ብውጥም ባልውጥም ሽታ የሚባል ነገር አይደርሰኝም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። ያን ቀን ለሠራሁት ነገር ሌላ ሰበብ የለኝም።

ሥራዬ የግል የውሃ ጉድጓድ መፈተሽ ነው። ከዋሽንግተን ዙሪያ ወጣ ሲባል፣ ፎኪየርና ኩልፔፐር በኩል፣ የከተማ ውሃ ያልደረሳቸው ቤቶች ሞልተዋል። ከአሌክሳንድሪያ አፓርታማ ወጥቶ ሰፊ ግቢ የሚፈልግ ሀበሻ አንዳንዴ እስከዚያ ይዘልቃል። ግቢውን ሲያይ ልቡ ይጠፋል፤ ጉድጓዱ ትዝ የሚለው ባንኩ የውሃ ምርመራ ሲጠይቀው ነው። ያኔ ለኔ ይደወላል። የመጀመሪያው ጥያቄም ሁሌ አንድ ነው፦ «መንግሥት አይፈትሸውም እንዴ?» አይፈትሸውም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌዴራሉ የመጠጥ ውሃ ሕግ የሚያየው ቢያንስ 15 መስመር ያለውን ወይም 25 ሰው የሚጠቀምበትን ውሃ ነው። የጓሮህ ጉድጓድ የራስህ ጣጣ ነው።

ያን ቀን የሄድኩበት ቤት ዋረንተን አጠገብ ነው። ገዢዎቹ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። የሚስትየዋ እናት በቅርቡ ከአገር ቤት መጥተው አብረዋቸው ነበሩ። ኤጀንቱም የኛው ሰው ነው። ደላላ ሲሉት ይከፋዋል፤ ስለዚህ ኤጀንት እላለሁ። ይሄ ሰው «ወንድሜ» ብሎ ከጀመረ ችኮላ አለ ማለት ነው። ያን ቀን ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ ወንድሜ አለኝ።

መጀመሪያ ጉድጓዱ ጋ ሄድኩ። ባለ 6 ኢንች የብረት ቱቦ፣ ከመሬት በደንብ ከፍ ያለ። ክዳኑ ግን የድሮ ነው። ጓርኒሲዮን የለው፣ ዙሪያው ክፍት፣ ጉንዳንና ሸረሪት እንደ ልቡ የሚገባ የሚወጣበት። ብሎኖቹ ዝገዋል። ዝገቱ ላይ ግን አዲስ የመፍቻ ጭረት ያብረቀርቃል። ሰው በቅርቡ ከፍቶታል። አየሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ አለፍኩ። ፎቶው እስከዛሬ ስልኬ ላይ አለ። ሳየው ያመኛል።

ቤዝመንት ወርጄ የውሃውን ግፊት የሚይዘውን ታንክ በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። ላዩ ባዶ፣ ሥሩ ሙሉ፤ ደህና ነው። ፓምፑ የግፊት መለኪያው 40 ሲል ይነሳል፣ 60 ሲል ያርፋል። ማጣሪያ የሚባል ነገር አልተገጠመም። ወደ ኩሽና ወጣሁ። ናሙናውን ከፍሰት ፈተናው በፊት ነው የምወስደው፤ ውሃው ሳይናወጥ። ጓንት አጠለቅኩ፣ የቧንቧውን ወንፊት ፈታሁ፣ አፉን አጸዳሁ፣ ቀዝቃዛውን ለቀቅኩት። የላቦራቶሪዋን ጠርሙስ ከፕላስቲኳ አውጥቼ ክዳኗን ልፈታ ስል እናትየው አጠገቤ ቆመዋል። የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አድርገዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ በረኪና በረኪና ይላል» አሉኝ።

ፈገግ አልኩ። ከአገር ቤት ለመጡ እናቶች የምትቀመጥ ፈገግታ አለች፣ ታውቋታላችሁ። ሊፍት ሲፈሩ፣ ራሱ በሚከፈት በር ሲደነግጡ የምናሳያቸው።

«እማማ፣ የአሜሪካ ውሃ እንዲህ ነው። ጀርም እንዳይኖረው ክሎሪን ይጨመርበታል። ይለምዱታል።»

«ማነው የሚጨምርበት?»

«ከተማው ነዋ። ልክ እንደ እኛ ውሃና ፍሳሽ…»

ውሃና ፍሳሽ አፌ ላይ ቀረ። በኩሽናው መስኮት ጉድጓዱ ይታየኛል። ወደዚህ ቤት የሚመጣ የከተማ ቧንቧ የለም። እኔ ራሴ እዚያ ኩሽና ውስጥ ጓንት አጥልቄ የቆምኩት እኮ ስለሌለ ነው! በገንዘብ ተቀጥሬ የመጣሁበትን ነገር ረስቼ ለአሮጊት ስለ ማዘጋጃ ቤት ውሃ አስረዳለሁ።

እሳቸው መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ነው ያረጀሁት» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ኩም አልኩ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው፣ የጠርሙሷ ነገር እንዲህ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ናት። ውስጧ ትንሽ ነጭ ዱቄት አለ፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት። ሥራው ክሎሪን ማጥፋት ነው። የከተማ ውሃ ሲመረመር፣ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያ እየገደለ ውጤቱን እንዳያሳምረው የታሰበ ነገር ነው። አሁን ግን ሰው ትናንት ማታ በረኪና ጉድጓዱ ውስጥ ደፍቷል እንበል። ባክቴሪያው እዚያው አልቋል። የተረፈውን ክሎሪን ጠርሙሷ ታጠፋለች። ላቦራቶሪው ክሎሪንም አያይ፣ ባክቴሪያም አያይ። «የለም» ብሎ ይጽፋል፣ እኔ እፈርማለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጆች የሚጠጡት ውሃ ሌላ ነው። ለዚህ ነው ከናሙና በፊት ክሎሪን የሚለካው። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መለኪያው የት ነበር? መኪናዬ ውስጥ፣ ከወንበር ሥር። ከገና ወዲህ አልወጣም። ጉድጓድ ውስጥ ማን ክሎሪን ያገኛል ብዬ።

ሮጬ አመጣሁት። ውሃ ቀዳሁ፣ የመለኪያውን ክኒን ጣልኩበት። ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል። ይሄኛው ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ መሰለ። እማማ አጎንብሰው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኤጀንቱ ከሳሎን መጣ።

«ወንድሜ፣ ምን ተገኘ?»

«በረኪና። ጉድጓዱ ውስጥ ተጨምሯል።»

«እና ንጹሕ ነው ማለት ነዋ!»

«ዛሬ ንጹሕ ነው።»

«አንተስ የምትፈትሸው ዛሬ አይደል እንዴ?»

እውነቱን ልናገር፤ ለሦስት ሰከንድ ያህል ልክ መሰለኝ። የሰውየው ተሰጥኦ ይሄ ነው። ቀጠለና የፍተሻው ቀነ ገደብ ዓርብ መሆኑን፣ ሌላ ገዢ በር ላይ መቆሙን፣ ውሃው ቆሸሸ ተብሎ እንጂ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው ተብሎ ሽያጭ ሲፈርስ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ባልየው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ሚስትየው ግን እናቷን ነበር የምታየው።

በሻጩ አልፈርድም። ጉድጓድን በክሎሪን ማከም ክፉ ነገር አይደለም፤ እኛም አድርጉ የምንልበት ጊዜ አለ። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው ይሆናል ያደረገው። ይሆናል። በፈተና ዋዜማ ግን መጥረጊያ ብቻውን አይነሳም።

የቀረው ብዙ አያስወራም። ቀነ ገደቡ ተራዘመ። የጉድጓዱ ውሃ በጓሮው የውሃ ጎማ ወደ ሜዳ ተለቀቀ። በቤት ውስጥ ቧንቧ አይለቀቅም፤ ያ ሁሉ ክሎሪን ሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ከገባ እዚያ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይፈጃል። መለኪያው ዜሮ ካለ በኋላ ከሳምንት በላይ ጠብቄ ሁለተኛ ናሙና ወሰድኩ። ቶታል ኮሊፎርም አለ፣ ኢ ኮላይ የለም። በሰው ቋንቋ፣ የሰገራ ምልክት አልታየም፤ ግን ከላይ የሚገባ ነገር አለ። ክዳኑ ሲነሳ የሸረሪት ድርና የሞቱ ነፍሳት ውስጡን ሞልተውታል። ሻጩ ጓርኒሲዮን ያለው አዲስ ክዳን አስገጠመ። ጉድጓዱ በወጉ ታከመ፣ ተለቀቀ፣ ተጠበቀ። ሦስተኛው ናሙና ነጻ ሆነ። ቤቱ ተገዛ። ኤጀንቱ ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም። ወንድምነታችንን ውሃ በላው።

አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ ይህን ታሪክ አሳጥሬ ነው የምነግረው። «መለኪያው ከጠርሙሱ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ» እለዋለሁ። ለምን ሲለኝ «አንድ ጊዜ ዋረንተን ላይ ጠርጥሬ…» ብዬ እጀምራለሁ። ጠርጥሬ! ሪፖርቱም ላይ የጻፍኩት እንዲያው ነው፦ «በቦታው በተደረገ ምርመራ ኢንስፔክተሩ ከፍተኛ የክሎሪን መጠን አግኝቷል።» ውሸት አለበት የሚል ካለ ያሳየኝ። ቅጹ ላይ «የደንበኛ እናት» የሚል ሳጥን የለም።

ሰኔ ላይ ቤት ምረቃ ጠሩኝ። ሚስትየው ለእንግዳው ሁሉ «እሱ ባይኖር እኮ ጉድ ሆነን ነበር!» እያለች ታስተዋውቀኛለች። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን እቀበላለሁ። ቡና ሲደርስ ስልኳን አወጣችና ሪፖርቱን ለእናቷ ትተረጉም ጀመር።

«ይኸው እማዬ፣ እዚህ ጋ፣ ‹ኢንስፔክተሩ ክሎሪን አገኘ› ይላል።»

እማማ ጀበናውን እንዳዘነበሉ ነበር። የኔን ስኒ ሞልተው እስኪጨርሱ ቀና አላሉም።

«ኢንስፔክተሩ ማነው?» አሉ።

ስኒዬን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ብናኙ ካለቀ ሰንብቷል፣ አፍንጫዬም ተከፍቷል። የቡናው ሽታ ጥርት ብሎ ደረሰኝ።