ምግብ ቤት ወይስ ምግብ ቢት?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ መንገድ ዳር ያለውን ታፔላ እያነበባችሁ ሂዱ፦ ምግብ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ መድኃኒት ቤት። ወፍራምና ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ፎንት ለአማርኛ መብቃቱ የሚታወቀው በዚህችው «ቤ» ነው።

ጠባዩ ግልጽ ነው። እንደ መቃ ብዕር ጽሕፈት አንዴ ወፍሮ አንዴ አይቀጥንም፤ መስመሩ ከሞላ ጎደል እኩል ነው፣ ማዕዘን የለውም፣ ፊቱ ፈገግ ያለ ነው። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሠራው ቫግ ራውንድድ የተባለ ፎንት የላቲኑ ጥሩ ምሳሌ ነው። ላቲን ግን «ቤ» የለበትም።

«ቢ» እና «ቤ» የሚለዩት በቀኝ እግራቸው ግርጌ ነው፤ ሣልሱ ሰረዝ፣ ሃምሱ ቀለበት አለው። መስመሩ ሲወፍር ቀለበቱ ይደፈናል፣ የሰረዙም ጫፍ ይድቦለቦላል፤ ሁለቱም እብጠት ብቻ ይመስላሉ። ፊደሉ 10 ሴንቲሜትር ቁመት፣ እግሩ 2 ሴንቲሜትር ውፍረት አለው እንበል። ቀለበቱም በ2 ሴንቲሜትር መስመር ተሠርቶ 1 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ቢተውለት፣ ጠቅላላ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ የፊደሉን ግማሽ ያህላል፣ ያስጠላል። የቀለበቱን መስመር ብቻ ወደ 1 ሴንቲሜትር ካቀጠናችሁት ስፋቱ 3 ሴንቲሜትር ላይ ይቆማል። ከሩቅ መቅጠኑን ማንም አያውቅበትም። የ«ፀ» ሆድም ይኸው መላ ያስፈልገዋል።

ኤሪያል ራውንድድ የተባለው ድቡልቡል የኮምፒውተር ፎንት የአማርኛ ፊደል የለውም። በእሱ ብትጽፉ ኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት ይተካና እንግሊዝኛው ወፍራም፣ አማርኛው ቀጫጫ ይወጣል። ይህን ለመሸፈን ፊደሉ ዙሪያ ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) መጨመር የተለመደ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ጥፋት ይኸ ነው። 4 ነጥብ (ፖይንት) ስትሮክ ከጠርዙ 2 ነጥብ ይወጣል፤ ቀዳዳው ግን ከግራም ከቀኝም ስለሚጠብ 4 ነጥብ ያጣል።

የሚሻለው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ወፍራም ደረጃ ወስዶ ወደ ቅርጽ መቀየር ነው። ኢለስትሬተር በሚባለው የስዕል ፕሮግራም ላይ፣ የቅርጹን ጠርዝ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ በሚያንቀሳቅሰው ኦፍሴት ፓዝ መጀመሪያ 2 ሚሊሜትር ቀንሱ፣ ከዚያ በራውንድ ጆይን (ማዕዘኑን በሚያድቦለቡለው ምርጫ) 2 ሚሊሜትር ጨምሩ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት የውጭው ማዕዘን እንደ ሾለ ይቀራል። የምትቀንሱት ከቀጭኑ መስመር ግማሽ ከበለጠ ደግሞ ያ መስመር ጨርሶ ይጠፋል። ድቡልቡል እግር ለዓይን አጠር ስለሚል፣ በእግር ርዝመት የሚለዩትን «ባ» እና «ቦ» ረዥም እግራቸውን ትንሽ ጨምሩላቸው።

መጠኑን በርቀት አስሉ፦ ለ30 ሜትር ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። በዚያው መንገድ ላይ የጣርማ በር ጉም ባለበት ደግሞ ከዚያም ከፍ በሉ፤ በጉም ውስጥ የሚበራ ፊደል ብርሃኑ ስለሚፈስ ቀለበቱን ይውጠዋል።

ድቡልቡሉ ፎንት ለዳቦ ቤት፣ ለጭማቂ ቤት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት፣ ለማሊያ ይሁንላችሁ። ለሐዘን ማስታወቂያና ለዕድር ደብዳቤ አይሆንም፤ ከአንድ መስመር በላይ የሆነ ጽሑፍም ያፍነዋል። በማሽን ለሚቆረጥ ታፔላ ግን ተወዳዳሪ የለውም፤ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መቁረጫ የውስጥ ማዕዘንን ከ3 ሚሊሜትር ሬዲየስ በታች ሊያሾል አይችልም፣ ድቡልቡሉ ፊደል ደግሞ ያንን ሹል አይጠይቀውም።