ያን ቅርጫት የደፋሁት እኔ ነኝ

ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ከእፍረት ይሁን ከንዴት ግን እስካሁን አልለየሁትም።

ሥራዬ እንጉዳይ መለየት ነው። የሳምንት መጨረሻ ሪትሪት እናዘጋጃለን። አርብ ማታ እንግዳ ይገባል፣ ቅዳሜ ጠዋት ጫካ ይወጣል፣ ከሰዓት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ቅርጫት ይገለበጣል፣ ማታ የተለቀመው ይበላል። እኔ ከጠረጴዛው ጀርባ ነኝ። ያለፈው ወደ ኩሽና፣ የወደቀው ወደ ጉድጓድ። ያኔ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

የዚያን ቅዳሜ ቅርጫታቸውን ይዘው ከመጡት አንዱ ትልቅ ሰው ናቸው። ጨዋ፣ ረጋ ያሉ፣ ተናግረው የማያስቀይሙ። ነገሩን ያከበደብኝም ይሄው ነው፤ ባለጌ ቢሆኑ ቀላል ነበር። ቅርጫታቸው ደግሞ ያምራል። ሠላሳ የሚሆን ነጭ እንጉዳይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርድሮ፣ አንዲት የአፈር ቅንጣት የለችበትም። ሌላው እንግዳ ፎቶ ያነሳዋል። እኔን ሆዴን ባር ባር አለኝ።

«ጋሼ፣ ሥሩስ?»

«የቱ ሥር?»

«የእግሩ መጨረሻ፣ አፈር ውስጥ የነበረው።»

«እዚያው ተውኩታ! ቆሻሻው ምን ያደርግልሻል? ንጽህ አድርጌ በቢላ ነው የቆረጥኩት።»

ይሄን ሥራ የሚሠራ ሰው እዚህ ጋ ምን እንደተሰማኝ ያውቃል። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ዴዝ ካፕ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይም ሆነ ነጩ ዘመዱ ከእግሩ ሥር ከረጢት አለው። ከረጢቱ ብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ ነው ያለው። ከላይ ከቆረጥከው መታወቂያውን ጫካ ጥለህ መጣህ ማለት ነው።

አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። አብዛኞቹ ከቆባቸው ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ቅጠሎች ሮዝ ናቸው፤ ጥሩ ነው፣ የሜዳ እንጉዳይ ይመስላሉ። አራቱ ግን ገና ያልተከፈቱ ሕፃናት ናቸው። ለሁለት ስሰነጥቃቸው ውስጣቸው ነጭ ነው፣ እንደ ዴዝ ካፕ። የሜዳ እንጉዳይም ገና በጣም ሕፃን ሳለ ውስጡ ሊነጣ ይችላል። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።

«ከየት ነው ያገኟቸው?»

«ከሜዳው።»

«ከመሀሉ?»

«ከዳሩ። እዚያ ትልቁ ዛፍ ሥር።»

ከዛፍ ሥር፤ የእነ ዴዝ ካፕ ሰፈር። በቃኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ኩሽና አይገባም።»

«አራቱን ማለትሽ ነው?»

«ሁሉንም። አንድ ላይ ስለነበሩ ፍርፋሪው ተነካክቷል።»

አልተቆጡም። ፈገግ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እንደ ልጃቸው ሊያስረዱኝ ነው። «እይ፣ ይሄኛውን ቀንድ አውጣ በልቶታል። መርዝ ቢሆን ይበላው ነበር?» አሉኝ። ቀንድ አውጣ ዴዝ ካፕንም ይበላል፣ ምንም አይሆንም፤ ሰውነቱ እንደ እኛ አይደለም። «በደንብ ይቀቀል እንግዲያ» አሉ። መርዙ በሙቀት አይጠፋም፣ ቢቀቀልም ቢጠበስም ያው ነው። «የብር ማንኪያ ክተቺበት፣ ከጠቆረ እንደፋዋለን።» ይሄን የማንኪያ ወሬ መጀመሪያ ያወራው ሰው ስንት ሰው እንደቀበረ እግዜር ይወቅ።

በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ትንሽ ልቅመስ። ሆዴን ካመመኝ ሌላው አይበላም።»

እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ አለ። አልክድም። «ጋሼ፣ ይሄ ቀምሰው የሚያውቁት ነገር አይደለም! ዛሬ ማታ ይበላሉ፣ ይጣፍጥዎታል፣ በሰላም ይተኛሉ። ሕመሙ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ። ያስመልስዎታል፣ ያስቀምጥዎታል። ከዚያ ደግሞ ይሻልዎታል! ተሻለኝ ብለው ሲስቁ ጉበትዎ እያለቀ ነው።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ጸጥ አለ። አንዲት ሴትዮ የያዘችውን ቅርጫት ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

አለቃችን ያቺን ጸጥታ ከየት እንደሰማት አላውቅም፣ ደረሰ። ስልኩን አውጥቶ ከተከፈቱት አንዱን ፎቶ አነሳ። አፑ «ለምግብ የሚሆን» አለ። አለቃዬ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው፤ እንደ ዳኛ። ስልኩም እንደ እኔ ሥሩን አላየም። ልዩነታችን እኔ አለማየቴን አውቀዋለሁ።

ቅርጫቱን አንስቼ ጉድጓድ ደፋሁት። ሳልናገር፣ ሳላስፈቅድ፣ ሁሉም እያየኝ። እውነቱን ለመናገር ለደህንነት ብቻ አልነበረም፤ ያቺ ስልክ አናዳኛለች።

ኩሽና ያለችው እትዬ ወሬው ሲደርሳት «እኔ ድሮም እሷ ያላለፈችውን አልቀቅልም» ብላ የድንች ሾርባዋን ጣደች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ከእኔ ጋር የቆመች እሷ ብቻ ናት።

እራት ላይ አለቃዬ ጠጋ ብሎ «ይቅርታ ጠይቂያቸው፣ ሰው ፊት ነው ያዋረድሻቸው» አለኝ። ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ስላስቀየምኩዎት ይቅርታ።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ምንም አይደል ልጄ። ልምድ ስታገኚ ይገባሻል።»

ስድስት ዓመት!

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባትሪ ይዤ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። ከተከፈቱት አንዱን አገኘሁ። ቆቡን ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ደፋሁት፣ ብርጭቆ ከደንኩበት። የወደቀው ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የሚሆነው ብናኝ፣ ነጭ ከሆነ አማኒታ፣ የእነ ዴዝ ካፕ ወገን፣ ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ቡናማ ከሆነ የሜዳ እንጉዳይ ወገን ነው። ጠዋት ብርጭቆውን ሳነሳ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ያለ ቡናማ ክብ ተቀምጧል።

ለማንም አልተናገርኩም። አራቱን ሕፃናት ደግሞ ብፈልግ ብፈልግ አጣኋቸው። ባገኛቸውም ያልተከፈተ እንጉዳይ ስፖር አይጥልም። ስለዚህ ትክክል ነበርኩ ወይስ የሰው እራት ነው በከንቱ የደፋሁት፣ ይሄው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን አውቃለሁ እላለሁ።

እሑድ ሲሄዱ ጋሼ በር ላይ ጠሩኝ። የቆረጡበትን ቢላ አጥበው፣ በወረቀት ጠቅልለው ሊመልሱልኝ ነው። «ጎበዝ ቢላ ነው፣ የት ነው የምትገዙት?» አሉኝ። ተቀብዬ እጀታውን አየሁት። የእኛ ድርጅት ስም አለበት። አርብ ማታ በየእንግዳው ቦርሳ፣ ከውሃ ኮዳውና ከካርታው ጋር፣ የከተትኩት እኔ ራሴ ነኝ። ቦርሳ የያዘ ሁሉ ቢላ አለው። ቢላ የያዘ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ይቆርጣል።

«ለእርስዎ ስጦታ ነው ጋሼ፣ ይያዙት» አልኳቸው።

በቀጣዩ ዓመት፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ላይ፣ አለቃችን እንግዶቹን ሰብስቦ ገለጻ ሲሰጥ እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። «ከሥሩ ንቀሉ፣ እንዳትቆርጡ። እኔ ይሄን ሁሌም እላለሁ» አለ። ሁሌም! እትዬ ከኩሽናው መስኮት አየችኝ፣ አየኋት፣ ሁለታችንም ወደ ሥራችን ተመለስን።

ቢላዎቹ አሁንም በየቦርሳው ይገባሉ። ይቅሩ ብዬ አለቃዬን ጠይቄው ነበር። ገና ሁለት ካርቶን ይቀራል አለኝ።